ሁለት የመሰከረለት ቁጥር

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣

«ይሄ ሁሉ ሒሳብ ኑሮ ላይ ምን ይሠራልናል?» ብሎ ያልጠየቀዎት ተማሪ አለ? እኔም ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከኋላ ወንበር ሆኜ ጠይቄዎታለሁ። እርስዎም ፊትዎን ከሰሌዳው ሳያዞሩ «ለጊዜው አባዢ፤ የሚሠራልሽን ቀን ራስሽ ታውቂዋለሽ» ብለው ክፍሉን አሳቁብኝ። ቀኑ ደርሷል፣ አባባ። የሠራልኝ ሥራ ግን ከቤቴ አስወጥቶ ጁገል ግንብ ውስጥ ጓደኛዬ ናፊያ ቤት፣ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል አስቀምጦኛል።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያምዎታል? መነጽርዎን አስጠገኑት ወይስ ዛሬም በክር አስረውታል? እማዬ ስትደውል «ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ» ትለኛለች፤ እሷ ግን ሁሉን ሰው ደህና ነው ነው የምትለው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእርስዎ ዝምታ በቀር የጎደለብኝ የለም። የናፊያ እናት እንደ ገዛ ልጃቸው ይቆጡኛል። ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፣ በምን እንደሚካፈል አላህ ያውቀዋል፤ አንቺ ምሳሽን ብዪ» ብለው ሳህኑን አስጠጉልኝ። እስካሁን ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ የሳቸው ይሻላል።

ከአቦከር፣ ከቤታችን፣ እስከዚህ ባጃጅ ይዞ መምጣት የሚከብድ አይደለም፤ እዚሁ ከተማ ተቀምጬ ደብዳቤ መጻፌ ሊያስቅዎት ይችላል። ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ተነስተው ይወጣሉ። ወረቀት ከሆንኩ ቢያንስ አጣጥፈው ኪስዎ ይከቱኛል እንጂ ጥለውኝ አይሄዱም ብዬ ነው። ደግሞም ወሬው አፍ ለአፍ እየተቀየረ ሳይደርስዎት ከእኔው ቢሰሙት ይሻላል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ታሪኩን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ እንዴት እንደማየው ግን ነግሬዎት አላውቅም።

እርስዎ በወጣትነትዎ እኔንም ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ሲቀጠሩ የተመዘገበው ተማሪ 1277 ነበር። ቁጥሩን ሲያዩት ደስ አለዎት፤ 1277 ብቸኛ ቁጥር ነውና፣ ፕራይም፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ከዚያ ለልጆቹ ጨዋታ ፈጠሩላቸው። የመጀመሪያው ተማሪ ሁለትን ይያዝ። ቀጣዩ ያንን እጥፍ ያድርግ፣ የሚከተለውም እንደገና እጥፍ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ተማሪ ድረስ። ከዚያ አንድ ይቀነስ። የሚወጣው ቁጥር ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት አሃዝ አለው፤ በሃያ ስድስት ይጀምርና በሰባ አንድ ያልቃል። የምድር አሸዋ በሙሉ ቢቆጠር አጠገቡ አይደርስም። እርስዎም «ይህም ብቸኛ ነው» አሉ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የከተማው ሰው ቁጥሩን እንደ ቤተሰብ ነው የሚያየው። ስንቱ ባለሱቅ፣ ስንቱ ሹፌር «እኔም እኮ ከእጥፎቹ አንዱ ነኝ» ይላል። እኔም የሰፈር ልጆች «የቁጥሩ ልጅ» እያሉኝ ነው ያደግኩት፤ እነሱ ሊያበሽቁኝ፣ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ።

ዘንድሮ ደግሞ ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ ትምህርት ቤቱ ቁጥሩን አንድም አሃዝ ሳይቀር በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ላስጽፍ አለ። ከሥሩ «ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል ቁጥር» ይላል፣ ቀጥሎ ስምዎ። እርስዎ «ይቅር፣ ቀለሙን ለክፍሎቹ ተጠቀሙበት» እያሉ ደጋግመው እንቢ አሉ። ትሕትና ነው ብለን ሳቅንብዎት።

ማስረጃዎ ሁለት ነበር። አንዱ ልፋትዎ ነው። ከሥራ ሲመለሱ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ሊያካፍሉት ይችላሉ የሚባሉትን ቁጥሮች እየመረጡ ሞከሩ፤ ከሞከሩት አንዱም ያለ ቀሪ አልገባበትም። ሌላው የቀሪው ፈተና ነው። አሥረኛ ክፍል ያስተማሩን ድምፅዎ ሳይቀር ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ ከእሱ የሚያንስ የፈለጋችሁትን ቁጥር ያዙ። ያንን ከትልቁ በአንድ ያነሰ ጊዜ ራሱን በራሱ አባዙ። የወጣውን በትልቁ ቁጥር አካፍሉ። ቀሪው ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ ካልሆነ ግን ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፤ ክርክር የለውም።» ሰባትን በሦስት ፈተንነው። ሦስት ስድስት ጊዜ ሲባዛ ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ፣ በሰባት ሲካፈል ቀሪው አንድ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው «ትልቁን ቁጥራችንን በሁለት ፈትኜዋለሁ። ቀሪው አንድ ነው። ሁለት መስክሮለታል» አሉ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የገባኝ። ሁለት ለዚህ ቁጥር መመስከር አይችልም! ቁጥሩ የተሠራው ከእሱ ነው፤ ሁለት በሁለት እየተባዛ መጥቶ አንድ የተቀነሰለት ነው። እንዲህ የተሠራ ቁጥር በሁለት ሲፈተን፣ ብቸኛ ቢሆንም ባይሆንም፣ ቀሪው አንድ ይወጣል። ዘመድ ለዘመዱ ሲመሰክር የትኛው ዳኛ ይቀበላል? ትንሹን ወንድሙን ይዩት። ሁለት አሥራ አንድ ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ 2047 ነው። በሁለት ሲፈተን ቀሪው አንድ፤ አለፈ። በሦስት ሲፈተን ቀሪው 1013፤ ወደቀ። መውደቁም ትክክል ነው፤ 2047 ማለት ሃያ ሦስት ሲባዛ በሰማንያ ዘጠኝ ነው።

እናም ተመርቄ በመጣሁ ሰሞን፣ ናፊያ ሸዋ በር ላይ ባላት የስልክና የኮምፒዩተር ሱቅ ቁጭ ብዬ፣ ትልቁን ቁጥራችንን በሦስት ፈተንኩት። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም፣ አባባ። አጥሩ ሲመረቅ ሌላ ምስክር፣ ዘመድ ያልሆነ ምስክር፣ ይዤልዎት ልመጣ ነበር የፈለግሁት። ላፕቶፑ ዓይኔን እስክጨፍን እንኳ አልጠበቀኝም። ቀሪው አንድ አይደለም። ስጽፍ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። በአምስት ሞከርኩ። በሰባት ሞከርኩ። አንድ የሚባል ነገር ጠፋ።

ናፊያ የደንበኛ ስልክ ፈታታ ይዛ ነበር። ፊቴን አየችና «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

«ቁጥሩ ፕራይም አይደለም» አልኳት።

«እና? ሰው አልሞተም አይደል» ብላ ወደ ብሎኖቿ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ግን ቀና አለች። «ቆይ፣ ያ አጥሩ ላይ እየተቀባ ያለው ነው?»

«አዎ።»

«ወላሂ አንቺ ልጅ፣ አለቀልሽ።»

የዚያኑ ቀን ቤት መጣሁ። ሻይ እየጠጡ ነበር። «አባባ፣ ቁጥሩን በሦስት ፈተንኩት» አልኩዎት፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልወጣኝም። ብርጭቆውን አስቀመጡና «ለማን ነገርሽ?» አሉኝ። «ለናፊያ» ስልዎት «በቃ» ብለው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዎን የሰማሁት በር ሲዘጉ ነው፤ ዝምታው ሲበዛብኝ ነው ልብሴን ይዤ ናፊያ ቤት የገባሁት።

እኔ ደግሞ የማን ልጅ ነኝ? እርስዎን በነገርኩ ማግስት ርዕሰ መምህሩ ጋሽ እንደሻው ቢሮ ሄድኩ። እንደሚያውቁት የእርስዎ ቦታ ክፍት ነው፤ እኔም ማመልከቻ አስገብቼ፣ እሳቸውም «ካንቺ ሌላ ለማን እንሰጠዋለን» ብለውኝ ነበር። የእርስዎን ክፍል፣ ያንን በመስኮቱ የባጃጅ ጡሩንባ የሚገባበትን ክፍል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዴት እንደምመኘው አይጠፋዎትም። እሳቸውም አይጠፋቸውም።

ነገሩን አስረዳኋቸው። ጨርሰው ሰሙኝና «በምን ይካፈላል?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አላውቅም? ይካፈላል ትይና በምን እንደሆነ አላውቅም?»

«ማንም አያውቅም፣ ጋሼ። ዓለም ላይ ትልልቅ ኮምፒዩተር ያላቸው ሰዎች እየፈለጉለት ነው፤ እስከ ዛሬ አላገኙም። ብቸኛ አለመሆኑ ግን የተረጋገጠ ነው። ኢንተርኔት ላይ ይዩት።»

«ኢንተርኔት ላይማ አምና አባትሽም ሞተው ነበር!» አሉኝ። ያ የሌላ ሟች ዜና ላይ ፎቶዎን ለጥፈውት ሰው ለቅሶ የመጣበትን ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ እኔም ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከዚያ በሌላ መንገድ ሞከርኩ። «ገበያ ወጥተው ማሰሮ ሲገዙ በጣትዎ መታ መታ አያደርጉትም? ድምፁ ከተበላሸ ስንጥቁ የት እንዳለ ሳያዩ ይመልሱት የለም? ሦስት ማለት ያ ጣት ነው። ቁጥሩን መታሁት፤ ድምፁ የብቸኛ አይደለም።» የገባቸው መሰለኝ፤ አሁንም ገብቷቸዋል ባይ ነኝ። ግን «ማሰሮ ሌላ፣ የመምህር ክብር ሌላ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ፣ ልጄ። ቅዳሜ እንግዳ ተጠርቷል። የድሮ ተማሪዎቻቸው ከድሬዳዋም ከጅጅጋም እየመጡ ነው። ምርቃቱ እስኪያልፍ ዝም በይ። ሰኞ መጥተሽ ክፍሉን ተረከቢ። ዝም ማለት እኮ መዋሸት አይደለም።»

«ውሸቱ በዘይት ቀለም ከተጻፈ በኋላ ነዋ የምናገረው?»

«እንቢ ካልሽ ግን» አሉ፣ «አባቷን ባደባባይ ያዋረደች ልጅ ለሰው ልጆች ምን ታስተምራለች? እኔ ለወላጆች ምን እላለሁ?»

«ማመልከቻዬን ይመልሱልኝ» አልኳቸው።

መለሱልኝ። ግቢውን አቋርጬ ስወጣ በእርስዎ ክፍል በኩል አለፍኩ። ወንበሮቹን በመስኮት አየኋቸው። ግን አሰብኩት፤ ከዚያ ዝምታ በኋላ ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ቀሪው አንድ ካልሆነ ብቸኛ አይደለም፤ ክርክር የለውም» የምለው በየትኛው አፌ ነው? ያንን ክፍል እፈልገዋለሁ፤ የምፈልገው ግን እርስዎ እንዳስተማሩበት አድርጌ ላስተምርበት ነው። በዝምታ የተገዛ ጠመኔ በእጄ አይጽፍልኝም።

ወሬው ወዲያው ወጣ። ሸዋ በር ላይ አንዱ የባጃጅ ሹፌር «አንቺ ነሽ ቁጥራችንን የምታካፍዪው? ስታካፍዪ የእኔን ድርሻ እንዳትረሺ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሌላው «በምን? በምን? በምን?» እያለ እስከ መታጠፊያው ተከተለኝ። የድሮ ተማሪዎ የሆነች አንዲት እናት ደግሞ እጄን ይዛ «ያኔ ያጨበጨብንለትን ልትወስጂብን ነው?» አለችኝ። ሹፌሮቹን በሳቅ አለፍኳቸው። የእሷን እጅ ግን ቶሎ አልለቀቅኩም።

እማዬም ናፊያ ቤት ድረስ መጥታ ነበር። «ሒሳቡን ተይው፤ አባትሽ ናቸው» አለችኝ። «ደክሟቸዋል እኮ። ያ ሁሉ ስሌት ቀርቷል። ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ከገባለት ዓመት ጀምሮ እርሳስ ይዘው ቁጭ ሲሉ አላየኋቸውም።» እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ቁልፍ የተሰጠው ለእርስዎ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፤ በቀይ ገመድ አንገትዎ ላይ ያንጠለጥሉት ነበር።

አባባ፣ ከተማው በሙሉ የጠየቀኝ ጥያቄ ሁለት ነው፦ «ቀሪው ስንት ወጣ?» እና «በምን ይካፈላል?» እርስዎ አንዱንም አልጠየቁኝም። እኔም እርስዎን አንድ ነገር፣ ያ ቁልፍ በእጅዎ ሳለ ቁጥሩን በሦስት ፈትነውት እንደሆነ፣ አልጠይቅዎትም። ያ ጭብጨባ ምን ያህል እንደሚሞቅ አውቀዋለሁ፤ ከአጨብጫቢዎቹ አንዷ ነበርኩ። ሰው ያንን በአንድ ጀምበር ዝም ማሰኘት ቢያቅተው አልፈርድበትም።

ግን ማንም የማይለውን እኔ ልንገርዎት። ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑ አላሳነሰውም! ብቸኛ ቢሆን ኖሮ ያለቀለት ነገር ነበር፤ ሰው አጥሩን አይቶ «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። አሁን ግን እዚያ ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት አሃዝ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ተቀምጠዋል። አሉ። የሌሉ ቢሆኑ ሦስት ይወድቅ አልነበረም። ማንም ግን አላያቸውም፤ ሀብታም አገር ያለ ኮምፒዩተር በሙሉ ፈልጎ አጥቷቸዋል። እርስዎ በእርሳስ የሞከሯቸው ደግሞ በሙሉ በእርግጥም አይገቡበትም፤ አንዱም አልተሳሳተም። የተሳሳተው «ስላላገኘሁት የለም» የምትለዋ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት። የከተማችን ልጅ በዚያ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በየቀኑ ምን ቢያይ ይሻላል? የተዘጋ ነገር ወይስ ያልተፈታ ነገር?

ትናንት አጥሩ ጋ ሄድኩ። ሐምዲ መሰላሉ ላይ ነበር፤ የእርስዎ ተማሪ የነበረው፣ ዛሬ ከተማው ውስጥ የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ የሚቀባው ሐምዲ። አሃዞቹን ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶታል። ያምራሉ፣ አባባ፤ አረንጓዴ በነጭ ላይ። «ቲቸር ሐሰት ተናገሩ የምትዪው አንቺ ነሽ?» አለኝ ከላይ ሆኖ።

«ተሳሳቱ ነው ያልኩት።»

«እኔ ይካፈል አይካፈል አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ስድስትና ስምንት ቀለም እንደሚጨርሱ ነው» አለ። ከዚያ ወርዶ ብሩሹን እየጠረገ ምን አለኝ መሰለዎት? «ቲቸር ሠላሳ ከመቶ ሰጥተውኝ ሳለቅስ፣ "የራስህ ሠላሳ ከጎረቤት ከተቀዳ ዘጠና ይበልጣል" ብለውኛል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ከሳቸው አፍ ካልሰማሁ አልቀባም። ለጋሽ እንደሻውም ነግሬያቸዋለሁ። ይቆጡ።» ቦታውን ነጭ አድርጎ ትቶታል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተመልሶ ይጨርሰዋል።

እኔ ቅዳሜ እዚያ ነኝ። ቢጋብዙኝም ባይጋብዙኝም፣ ሥራ ቢሰጡኝም ቢነሱኝም። ሰሌዳ ተውሻለሁ፤ ናፊያም «ሱቄን ዘግቼ መጥቼ ስትሰደቢ አያለሁ» ብላ ላፕቶፑን ልታመጣ ነው። ያለፈ ያገደመ ሰው ይምጣና አንድ ቁጥር ይምረጥ፤ ሁለትን፣ አራትን፣ ስምንትንና የእነሱን ወገን ግን አልቀበልም። የመረጠውን ይዘን እንፈትናለን፤ ቀሪውንም ሰሌዳው ላይ ጽፌ አሳየዋለሁ። ይሳቁብኝ። ሲስቁ ቆመው ያያሉ፤ ቆመው ካዩ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ይሞክረዋል።

ለነጩ ቦታ እኔ ያሰብኩት ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ይህ ቁጥር ብቸኛ አይደለም። በምን እንደሚካፈል ግን እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። ፈልጉት።» ቀጥሎ ስምዎ፣ እንደነበረው። ቃሉ ካልጣመዎት ይሰርዙና ያሻሽሉት፤ የስንቱን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙ ኖረው የእኔን መተው የለብዎትም። ብቻ ለሐምዲ የሚነግረው ሰው እኔ መሆን የለብኝም፣ ጋሽ እንደሻውም መሆን የለባቸውም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ያንሱና ይንገሩት፣ ወይም በዚህ ወረቀት ጀርባ ይጻፉና በእማዬ ይላኩልኝ፣ ወይም ከሁሉም የሚሻለውን ያድርጉ፦ ቅዳሜ ራስዎ መጥተው የመጀመሪያውን ቁጥር ይምረጡልኝ። እንቢም ከሆነ እንቢ ብለው ይጻፉልኝ። ያለ መልስ ግን አይተዉኝ።

አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ዓይንዎን ያብራልዎት፣ ለእኔም ለእማዬም ረጅም ዕድሜ ያቆይልን።

አልታዘዝ ያለችዎ፣
የምትናፍቅዎ ልጅዎ